ስለ መኪና ሆድ

ሰው አውቶሞቢል ሊገዛ ሲሄድ አስቀድሞ የሚያየው ቀለሙን ነው። ቀጥሎ በሩን ከፍቶ ይዘጋል፤ ወንበሩን በመዳፉ ጫን ጫን ያደርጋል፤ ሬዲዮኑን ያስጮኸዋል፤ ኮፈኑን አስከፍቶ፥ የሞተርን ነገር ያወቀም ያላወቀም፥ ራሱን እየነቀነቀ ይመለከታል። እኔ ራሴ ነጂ አይደለሁም። ነገር ግን ወዳጆቼ መኪና ሲገዙ «አብረኸን እንሂድ» እያሉኝ፥ መኪና በሚሸጥበት ግቢ ውስጥ ብዙ ቀን ቆሜ አይቻለሁ። ተንበርክኮ፥ አንገቱን ሰብሮ፥ የመኪናውን ሆድ የሚያይ ገዢ እጅግ ጥቂት ነው። አንዱን ወዳጄን «ለምን ከታች አታየውም?» ብለው፥ «ሱሪዬ ይቆሽሻል» ሲል መለሰልኝ። የቆሸሸ ሱሪ በሳሙና ይታጠባል። ያ ሰው ግን የብዙ ዓመት ቁጠባውን አውጥቶ፥ ከበታቹ ምን እንዳለ ያላወቀውን ነገር ነድቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ከእናንተ መካከል ዛሬ የአባቱን ወይም የእናቱን መኪና የሚነዳ አለ፤ ነገም የራሱን የሚነዳ ብዙ ነው። ስለዚህ የመኪና ሆድ ምን እንደ ሆነ፥ ስለ ምንስ እንደሚጎዳ፥ በምንስ እንደሚጠበቅ፥ ከመካኒክና ከነጂዎች አጠገብ ተቀምጬ የተማርሁትን ልንገራችሁ። ነገሩ የብረት ነገር ይምሰል እንጂ ዞሮ ዞሮ የጠባይ ነገር ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

መኪናን ከበታቹ ተኝቶ ላየው ሰው ከፊት በኩል አስቀድሞ የሚታየው የሞተሩ ዘይት የሚጠራቀምበት ገንዳ ነው። ይህ ገንዳ በአንዳንዱ መኪና ከስስ ብረት፥ በአንዳንዱም ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። ከአጠገቡ ካምቢዮው አለ። ከዚያ የጢስ መውጫው ቧንቧ ከነማርሚታው በመካከል አልፎ እስከ ኋላ ይዘረጋል። ወደ ኋላ ወንበር ግድም የነዳጁ ታንከር ተሰቅሏል። በነዚህ ሁሉ ጎን ደግሞ ከእርሳስ የሚቀጥኑ ቱቦዎች ያልፋሉ፤ አንዳንዶቹ ነዳጅ፥ አንዳንዶቹም የፍሬን ዘይት ይወስዳሉ። ሰው ሕይወቱን የሚያምንበት ነገር ሁሉ ከዚያ ነው፤ ፊቱም ወደ መሬት ነው።

ታዲያ ከዚያ ሆድ እስከ መሬት ያለው ርቀት ምን ያህል ነው? በተራ የቤት አውቶሞቢል ብዙውን ጊዜ ከ14 እስከ 16 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። እጅህን ዘርግተህ ብትሰነዝረው አንድ ስንዝር አይሞላም ማለት ነው። ይህም መኪናው ባዶውን በቆመበት ጊዜ ነው፤ ሰው ሲቀመጥበትና ዕቃ ሲጫንበት ይቀንሳል። ለገጠር ሥራ የተሠራ እንደ ላንድ ክሩዘር ያለ መኪና ግን ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ልዩነቱ አራት ጣት ቢሆን ነው፤ ነገር ግን በመንገድ ላይ ያለው የድንጋይ ብዛት በዚያ አራት ጣት ውስጥ ነው።

በዚህ ምክንያት መኪናውን መውቀስ አይገባም። ሠሪዎቹ ዝቅ አድርገው የሠሩት ሳያስቡ አይደለም፤ ዝቅ ያለ መኪና በመታጠፊያ ላይ አይወላገድም፤ ነፋስም ስለማይከለክለው ነዳጁ ይቆጥባል። በአዲስ አበባ ሞልተው የምናያቸው ቪትዝና ኮሮላ ሲታሰቡ የታሰበው አስፋልት ለለበሰ ከተማ ነው። ወደ ኮረኮንች ያመጣናቸው እኛ ነን።

በአገራችን የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዐፄ ምኒልክ የመጣው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። አውራ ጎዳናን የሚሠራና የሚጠግን ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ግን በ1943 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ጣሊያን በወረራው ዘመን ለጦሩ መመላለሻ የሠራቸው መንገዶች ነበሩ፤ የጣርማ በር ዋሻ እስከ ዛሬ ምስክር ነው። እንግዲህ መኪናው ቀድሞ መጣ፥ መንገዱ ኋላ ተከተለ ማለት ነው፤ እስከ ዛሬም ሲከተል ይኖራል። አስፋልቱ ከከተማ ወደ ከተማ ደርሷል። ከአስፋልቱ ጫፍ እስከ ደጃችን፥ እስከ ዘመድ ቤት፥ እስከ ቤተ ክርስቲያኑና እስከ መስጊዱ ያለው ጥቂት መንገድ ግን ኮረኮንች፥ ወይም ጭቃ፥ ወይም ካስማው የወጣ ኮብልስቶን ነው። መኪናም የሚሰበረው በረጅሙ መንገድ ላይ ሳይሆን በዚያ በጥቂቱ ላይ ነው።

የኮረኮንችን ጠባይ ልብ ብላችሁ እዩት። ከባድ የጭነት መኪና በክረምት ሲመላለስበት፥ በሁለቱ ጎማ መሄጃ ላይ ቦይ ይቆፍራል፤ በመካከሉም ጭቃውና ጠጠሩ ተከምሮ እንደ በሬ ጀርባ ያብጣል። በጋ ሲሆን ያ ጀርባ ይደርቅና እንደ ግንብ ይጠነክራል። ለአይሱዙ ይህ ምንም አይደለም፤ እርሱ ራሱ የሠራው ነው፤ ሆዱም አይነካውም። ከኋላው የምትከተለው ትንሽ የቤት መኪና ግን ጎማዋን በዚያ ቦይ ውስጥ ካገባች፥ ሆዷ በጀርባው ላይ ይጋደማል። ስለዚህ ብልህ ነጂ ቦዩን አይከተልም። አንዱን ጎማ በጀርባው ላይ፥ ሌላውን በመንገዱ ዳር አውጥቶ፥ ሰያፍ ሆኖ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ለሚያየው ሰው የሰከረ ይመስላል፤ እርሱ ግን የሚሄድበትን ያውቃል።

አሁን አንድ ያየሁትን ልናገር። በእኛ ሰፈር አንድ ልጅ ነበር፤ አባቱ ሞቶበት ከእናቱና ከሁለት ታናናሽ እኅቶቹ ጋራ ይኖራል። ታላቂቱ እኅቱ በዐረብ አገር በሰው ቤት ስትሠራ ብዙ ዓመት ቆይታ፥ ያጠራቀመችውን ሁሉ ልካለት አንዲት አሮጌ ቪትዝ ገዛ። በስልክ የሚጠራውን መንገደኛ እያመላለሰ ቤቱን ያስተዳድር ዠመር። እኅቱም «በሚመጣው ፋሲካ ጠቅልዬ እገባለሁ» ብላ ነበር።

አንድ ቀን ማታ፥ ከከተማው ዳር ወዳለ አዲስ ወደ ተሠራ ሰፈር መንገደኛ ጭኖ ሲሄድ፥ ከመንገዱ መካከል የተቀበረ ድንጋይ የመኪናውን ሆድ መታው። ድምፁን እርሱም መንገደኛውም ሰምተዋል። መንገደኛው ግን ቸኩሎ ነበር፤ ልጁም ወርዶ ከታች ማየት አፈረ። ጥቂት እንደ ሄዱ ከመሪው ፊት ለፊት የማንቆርቆሪያ ምስል ያለበት ቀይ መብራት በራ። ልጁ መብራቱን አይቶታል። «የሚቀረን ሁለት ኪሎ ሜትር ነው፤ ካደረስሁት በኋላ አየዋለሁ» ብሎ ነዳ። መንገደኛውን ሳያደርስ ሞተሩ በመንገድ ላይ ተንጫጭቶ ቆመ። በነጋው ለአንድ መካኒክ ሲያሳየው የዘይቱ ገንዳ ተሰንጥቆ ባዶ ሆኗል፤ ሞተሩም ተነክሷል። እኅቱ በዚያ ፋሲካ አልመጣችም። ሌላ ሁለት ዓመት እዚያው ሠራች።

ይህን የምጽፈው ልጁን ለመውቀስ አይደለም። እርሱ የደነገጠበት ነገር የሰው ፊት ነው፤ ማንኛችንም ከዚያ ነጻ አይደለንም። ነገር ግን የዘይትን ነገር ቢያውቀው ኖሮ ያን ሁለት ኪሎ ሜትር አይነዳም ነበር ብዬ አምናለሁ። በሞተር ውስጥ ብረት በብረት ላይ በየደቂቃው ሺሕ ጊዜና ከዚያም በላይ ይዞራል፤ በመካከላቸው ያለው ከፀጉር የሚቀጥን የዘይት ሽፋን ነው። ያ ሽፋን ሲጠፋ ብረቱ እርስ በርሱ ይፋጭና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል። ስለዚህ ያ ቀይ መብራት «ወደ ጋራዥ ሂድ» ማለት አይደለም፤ «አሁን፥ እዚሁ፥ ሞተሩን አጥፋ» ማለት ነው። የተሰነጠቀ ገንዳ ይበየዳል፥ ወይም ይለወጣል፤ ወጪው ይቻላል። የተነከሰ ሞተር ግን የቤተ ሰብን ኑሮ ይዞ ይወድቃል።

ከዚህም የባሰ ስውር ነገር አለ። ገንዳው ከብረት የተሠራ እንደ ሆነ ድንጋይ ሲመታው ሳይቀደድ ወደ ውስጥ ሊሰረጉድ ይችላል። ነጂው ወርዶ ያያል፤ ዘይት አይንጠባጠብም፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይሄዳል። ነገር ግን ዘይቱን ከገንዳው የሚመጥጠው ቧንቧ አፉ ከገንዳው ወለል በላይ ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። ወለሉ ተሰርጉዶ ያን አፍ ከደፈነው፥ ገንዳው ሙሉ ሳለ ሞተሩ ይጠማል። ስለዚህ የተሰረጎደ ገንዳ ያላችሁ እንደ ሆነ፥ አይፈስም ብላችሁ አትተዉት።

እንግዲህ «መከላከያው ምንድር ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፥ አብዛኛው ሰው የሚነግራችሁ ላሜራ ማሠራት ነው። እውነት ነው፤ ላሜራ ጥሩ ነገር ነው። በየሰፈሩ ያሉ በያጆች ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ላሜራ ቆርጠው፥ አጉብጠው፥ ከሞተሩ በታች ያስሩታል። ከፋብሪካ የሚመጣም አለ። በአዳዲስ መኪናዎች ሥር የምታዩት ጥቁር ፕላስቲክ ግን ላሜራ አይደለም፤ የተሠራው ነፋስንና የሚረጭ ውሃን ለመከልከል ነው። እርሱን አይቶ «መኪናዬ መከላከያ አለው» የሚል ሰው፥ ጃንጥላ ይዞ ጋሻ ያዝሁ እንደሚል ሰው ነው።

ላሜራ ሲሠራ ሊጠበቅ የሚገባው ነገር ሠሪው ሁሉ የሚያውቀው አይደለም። ላሜራው መታሰር ያለበት በመኪናው አጥንት ላይ ነው እንጂ በዘይቱ ገንዳ ብሎኖች ላይ አይደለም። በገንዳው ላይ የታሰረ እንደ ሆነ፥ ድንጋይ ላሜራውን ሲመታው ምቱ ሁሉ ወደ ገንዳው ያልፋል፤ ይህ ከመከላከል ይልቅ ለድንጋዩ መዶሻ ማቀበል ነው። በላሜራውና በገንዳው መካከልም ክፍት ቦታ መኖር አለበት፤ ላሜራው ሲጎብጥ የሚገባበት ነው። ዘይት የሚፈስበት ብሎን ፊት ለፊት ቀዳዳ ይኑረው፤ ያለዚያ ዘይት በሚለወጥበት ቀን ሁሉ ላሜራው ካልወረደ አይሆንም፤ መካኒኩም ይሰለችና አንድ ቀን ሳይመልሰው ይቀራል። ሞተሩም መተንፈስ አለበትና ከዳር እስከ ዳር ጥርቅም አድርጎ መዝጋት አይገባም። ደግሞም ላሜራው ዝቅ ብሎ ከተንጠለጠለ ያንኑ የቸገረንን ስንዝር የሚበላው እርሱ ራሱ ይሆናል።

ሞላውን ከፍ የሚያስደርጉም አሉ። በመጠኑ ሲሆን ይረዳል። ከመጠን ሲያልፍ ግን መኪናው በመታጠፊያ ላይ መገልበጥ ይቀናዋል፤ ከካምቢዮው ወደ ጎማው ኀይል የሚያደርሱት ዘንጎችም ባልተሠሩበት ማዕዘን እየዞሩ ቶሎ ያልቃሉ። ሰፊ ጎማ በማሰር ከፍ ለማድረግ የሚያስብም ይወቀው፤ የጎማው ቁመት በአራት ሳንቲ ሜትር ቢጨምር የመኪናው ሆድ ከፍ የሚለው በሁለት ብቻ ነው።

እኔ ግን ላሜራን ስፈርድበት በሦስተኛ ደረጃ አስቀምጠዋለሁ። አንደኛው የነጂው ዐይን፥ ሁለተኛው የነጂው እግር ነው። ምክንያቱም ላሜራ ያሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ሲዳፈር አይቻለሁ። ትናንት የሚፈራውን ጉድጓድ ዛሬ እየዘለለ ያልፋል፤ ላሜራውም በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየጎበጠ ሄዶ አንድ ቀን ከገንዳው ጋራ ይገናኛል። ደግሞ ላሜራ የሚሸፍነው ሞተሩን ነው። ወደ ኋላ ያሉትን፥ ማርሚታውን፥ ታንከሩንና የፍሬኑን ቱቦ የሚሸፍናቸው የለም።

በጎረቤታችን በኬንያ በ1945 ዓ.ም. የተዠመረ ሳፋሪ የሚባል የመኪና እሽቅድድም አለ። በዚያ ጊዜ ውድድሩ ኬንያን፥ ዩጋንዳንና ታንጋኒካን ያዳርስ ነበር፤ መንገዱም አቧራ፥ ጭቃና ድንጋይ ነው። በ1955፥ በ1958፥ በ1959 እና በ1960 ዓ.ም. አራት ጊዜ አንደኛ የወጣው ፔዦ 404 ነበር፤ ይኸውም አባት ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስበት የቤት አውቶሞቢል ነው። ለውድድሩ ከሆዱ በታች መከላከያ ታስሮለት ነበር፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን መከላከያ የሌላቸው ብቻ አይደሉም የቀሩት። በ1955 እና በ1960 ዓ.ም. ከ80 የሚበልጡ መኪናዎች ተነሥተው እስከ ፍጻሜው የደረሱት በየጊዜው ሰባት ብቻ ነበሩ። ላሜራ ብቻውን አላደረሰም፤ መድረስ ለሰባቱ ሆነ።

ስለ ነጂው እግር ካነሣሁ ይህን ማስተዋል ይገባል። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይደፋል፤ አፍንጫውም ዝቅ ይላል። ብዙ ነጂ ጉብታውን ወይም ጉድጓዱን ድንገት ያይና፥ ደንግጦ ፍሬኑን እንደ ረገጠ ይደርስበታል። በዚህ ጊዜ ሆዱ ከመሬት ያለው ርቀት ከምንጊዜውም ያነሰ ነው፤ ራሱ አጎንብሶ ለድንጋዩ ሰጠው ማለት ነው። የለመደ ነጂ ግን ፍሬኑን ቀድሞ ይይዛል፤ ጎማው ጉብታው ላይ ሊደርስ ሲል ይለቀዋል፤ አፍንጫው ተመልሶ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ጎማው ይወጣል። በየሰፈሩ ነዋሪው ራሱ በሚሠራው ከፍታው በማይለካ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይም እንዲሁ ነው። ቦታ ካለ ፊት ለፊት ከመሄድ ይልቅ ሰያፍ ሄዶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ማውጣት ይሻላል። ደግሞ በመንገድ መካከል ድንጋይ ሲታይ በሁለቱ ጎማ መካከል ላሳልፈው ማለት የትልቅ መኪና ልማድ ነው። ለትንሽ መኪና ድንጋዩን ማለፊያው በጎኑ ነው፤ ካልተቻለም ወርዶ ማንሣት ነው። ድንጋዩን ያነሣ ሰው ደግሞ ከኋላው ለሚመጣው ሁሉ አነሣለት።

«ወርዶ» የሚለው ቃል ነው ለብዙ ሰው የሚከብደው። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፤ ከደብረ ብርሃን አልፎ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደሚገባ አንድ ቀበሌ ለተዝካር ስንሄድ፥ በአንዲት ኮሮላ ውስጥ ስድስት ሆነን ተጭነን ነበር። ነጂው የተከበረ ሰው፥ የመሥሪያ ቤት አለቃ ነው። ከፊት አንድ መሪጌታ፥ ከኋላ እኔ፥ አንድ ዘመዱና የነጂው አክስት የሆኑ ዕድሜያቸው ከሰማንያ የሚበልጥ እናት ከአንዲት ልጅ ጋራ ተጨናንቀናል። ወደ አንድ ወንዝ የሚወርድ ቁልቁለት ላይ ደረስን። ውሃው ጥቂት ነው፤ ድንጋዩ ግን አግጥጦ ይታያል። ነጂው ቆመ። በመስታወቱ ዐይኑን አየሁት፤ እንደማያልፍ ዐውቆታል፤ ግን ማንን ውረድ ይበል? መሪጌታን? አክስቱን? ማርሹን አስገብቶ ሊሄድ ሲል አሮጊቷ ከኋላ ትከሻውን መታ አደረጉት።

«አቁም ልጄ፤ እኔ ልውረድ።»

«ኧረ እማማ፥ ምን በወጣዎ! ይቀመጡ እንጂ፤ ቀስ ብዬ አልፈዋለሁ።»

«በቅሎ ላይ ሳለሁም ቁልቁለት ስደርስ እወርድላት ነበር። ባልወርድላት እሷ ጉልበቷን ትሰብራለች፥ እኔም ከነኮርቻው ገደል እገባለሁ። ይኸኛው የሚሰበር ጉልበት የለውም ብለህ ነው?»

መሪጌታው ሳቁና ጃንጥላቸውን ይዘው ወረዱ። እሳቸው ከወረዱ ማን ይቀመጣል? ሁላችንም ወረድን። አምስት ሰው የወረደለት መኪና ሁለት ሦስት ጣት ያህል ከፍ ሲል በዐይናችን አየነው። ልጅቷ ከፊት ቆማ «ወደ ግራ ነው፥ ወደ ግራ!» እያለች መራችው፤ አንድም ነገር ሳይነካው ተሻገረ። እኛም ድንጋይ በድንጋይ እየረገጥን፥ አሮጊቷን ደግፈን፥ ወዲያ ማዶ ተቀበልነው። የወሰደብን ጊዜ ዐሥር ደቂቃ አይሞላም።

ከዚያ ወዲህ የእሳቸው ነገር ከልቤ አልወጣም። አባቶቻችን በቅሎና ፈረስ ሲጋልቡ የሚጋልቡበት ሥርዐት ነበራቸው። በዳገት መውረድ፥ በወንዝ አፍ ላይ ማሳረፍ፥ ማታ ኮቴዋን አንሥቶ ማየት፥ ኮርቻው የላጠው ጀርባ እንዳለ መዳሰስ፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ጌታ ነው ይባል ነበር እንጂ ዋረደ አይባልም። በመኪና ጊዜ ግን መውረድ ነውር ሆነ። ይህ ከወዴት መጣ? እኔ እንደሚመስለኝ በቅሎዋን የሚጋልባት ሰው እንደምትደክም ያውቅ ስለ ነበረ ነው፤ መኪናን ግን ዙፋን አድርገን ተቀመጥንበት። ዙፋን ላይ የተቀመጠውን ደግሞ ማን ደፍሮ «ይውረዱ» ይለዋል? ስለዚህ ነጂው ይሉኝታውን ይዞ ገንዳውን ይሰብራል። በተሰበረም ጊዜ፥ ዐሥር ደቂቃ ያልወረዱት እንግዶች ሌሊቱን በሜዳ ላይ ያድራሉ።

ሆዱ ተመታ የተባለ እንደ ሆነ ቆሞ ማየት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለምን? ሞተሩን አጥፍቶ፥ በደልዳላ ቦታ፥ በእጅ ባትሪ ከታች ማየት ነው፤ ከመኪናው በታች ግን በክሪክ ብቻ ተማምኖ መግባት አይገባም፤ ክሪክ ይንሸራተታል። ጥቁር ወይም ቡናማ የሆነ ወፍራም ነጠብጣብ የሞተር ዘይት ነው። የሚሸት፥ ቶሎ የሚደርቅ ነጠብጣብ ነዳጅ ነው። ለታንከር ስንጥቅ የድሮ ሾፌሮች ደረቅ ሳሙና ሲፈትጉበት አይቻለሁ፤ ነዳጅ ሳሙናን ቶሎ አያሟሟውምና እስከ ጋራዥ ያደርሳል፤ ከዚያ በላይ ግን ተስፋ አይጣልበትም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ የፍሬኑ ቱቦ ነው። የዘይት መብራት ችላ ቢባል የሚሞተው ሞተር ነው። የተጨፈለቀ የፍሬን ቱቦ ግን ሰው ይገድላል። ፍሬኑ ሲረገጥ እንደ ወትሮው ጠንከር ማለቱን ትቶ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ፥ አንድ እርምጃም መንዳት አይገባም።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፥ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በከተማችን እየበዙ ነው። በነዚህ የዘይት ገንዳ የለም፤ ቀይ ማንቆርቆሪያም የለም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው የሆዱ ነገር የቀረ ይመስለዋል። ከቶ አልቀረም። በአብዛኞቹ ባትሪው ከወለሉ በታች፥ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ፥ እንደ ምጣድ ተነጥፏል። ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ዋጋው የሚበልጠው እርሱ ነው፤ ለድንጋዩም የቀረበው እርሱ ሆነ። ሠሪዎቹ ጠንካራ መከላከያ ያደርጉለታል፤ ነገር ግን በኀይል የተመታ ባትሪ በውስጡ ተጎድቶ ሳለ ከላይ ደኅና ሊመስል ይችላል፤ እሳቱም ቆይቶ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ኀይለኛ ምት ከደረሰበት፥ ምንም እንኳ መሄድ ቢችል፥ ለሚያውቅ ሰው ማስመርመር ያሻል፤ ጢስ ወይም እንግዳ ሽታ ከወጣ ደግሞ ሰውን ሁሉ አውርዶ መራቅ ነው። ሊገዛ የሚሄደውም ሰው እንደ ቀድሞው ቀለሙን ከማየቱ በፊት ቢንበረከክ ይሻለዋል። የባትሪው መከላከያ የተፋቀ ወይም የተሰረጎደ እንደ ሆነ ከዚያ ሌላ የሚነግረው የለም።

ላሜራ ላለው መኪና የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ክረምት ሲያልፍ፥ በመስከረም፥ ላሜራውን ማስወረድ ይገባል። በላዩ የተጠራቀመው ጭቃ ባልዲ ሙሉ ሊሆን ይችላል፤ እርጥበቱንም ይዞ ይቆይና ላሜራውንም የመኪናውን አጥንትም በዝገት ይበላዋል። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ የጎበጠው ይቅና፤ ብሎኖቹ ግራሶ ተቀብተው ይመለሱ፤ ያለዚያ በሚመጣው ዓመት አይፈቱም። የዘይቱ ማፍሰሻ ከቀዳዳው ጋራ መግጠሙን በጣት ዳስሶ ማረጋገጥ ነው። ከዚያም ሞተሩን አስነሥቶ ጥቂት ማዳመጥ፤ ላሜራው የላላ እንደ ሆነ ይንቀጫቀጫል፤ ከአራቱ ብሎኖች አንዱን ጠበቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።